የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ

ሰኞ፣ ቀን 1

ዛሬ ጀመርኩ። ስልሳ ቀን። የማያስፈልግ ቃል ከአፌ አይወጣም። ሰላምታ ይፈቀዳል፣ ምስጋና ይፈቀዳል፣ ሥራ ላይ የግድ ከሆነ አንድ ሁለት ቃል ይፈቀዳል። ወሬ፣ ቀልድ፣ ሐሜት፣ «ሰማሽ ወይ?» የሚባል ነገር ግን በቃ። መጻፍን አልከለከልኩም። ይህን ደብተር ያወጣሁትም ለዚህ ነው፤ መተንፈሻ ካላበጀሁ እንደምፈነዳ ራሴን አውቀዋለሁ።

ለምን እንደጀመርኩ እዚህ ልጻፈው፣ ሲሰለቸኝ ተመልሼ እንዳነበው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ሳለ፣ የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ የሆንኩበት ሆስፒታል ማድረቂያ ማሽን ሳያስገባ፣ አንሶላ የምናሰጣው ጓሮ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሳሰጣ ነፋስ መጣና አንሶላዎቹን በሙሉ ነፋቸው። እኔ መሃል ላይ ነበርኩ፤ በየት ብዞር ነጭ ነው። ያን ጊዜ እግዚአብሔር አጠገቤ ነበር። አየሁት አልልም፣ ሰማሁትም አልልም። ነበረ፣ በቃ። አንድ አንሶላ እስኪደርቅ ያህል ቆየ። ከዚያ ነፋሱ ተወ፣ አለቃዬ ተጣራች፣ ነገሩም አለፈ።

ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት። ሳልጸልይ አድሬ አላውቅም፤ ግን ግድግዳ እንደማናገር ነው የሆነብኝ። ሳልሞት አንድ ጊዜ እንኳ ያ ነገር ቢመለስ።

ባለፈው እሑድ በጸሎት ቤት የሚያስተምሩን ሽማግሌ «አምላክ ድምፁን የሚያሰማው ዝም ላለ ሰው ነው» አሉ። ሌላው ሰው ያዛጋል። እኔ ግን ነገሩ ልቤ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ለወንድሜ ነገርኩት። ታናሼ ነው፣ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፣ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ማንኪያውን አስቀመጠና «አንቺ? ስልሳ ቀን? ስልሳ ደቂቃ ከቻልሽ አውቶቡሱን በስምሽ አስጠራዋለሁ» አለኝ። አልመለስኩለትም። እሱም «ወይ ጉድ፣ የምር ነው» ብሎ ራቱን ቀጠለ።

ማክሰኞ፣ ቀን 2

ከባዷ እትዬ ናት።

እትዬ የአንሶላ ጓዴ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን አጥፈናል። በስድስት ዓመት ስለምትበልጠኝ ነው እትዬ የምላት፤ ከእኔ የሰሙት ሁሉ አሁን እትዬ ነው የሚሏት፣ ስሟን የሚያውቀው አለቃችን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሥራችን እንዲህ ነው። አንሶላው ከመተኮሻው ሲወጣ ለሁለት እንይዘዋለን፤ አራት ጥግ አለው፣ ለእያንዳንዳችን ሁለት። እናራግፈዋለን። ጥግ ከጥግ እናገጥማለን። ከዚያ ሁለታችንም ወደ መሃል እንራመድና አንደኛዋ ጥጎቿን ለሌላዋ ታስረክባለች፤ ያስረከበችው ጎንበስ ብላ እጥፋቱን ከታች ታነሳለች፣ እንደገና እንገናኛለን። ይህ በቀን አራት መቶ ጊዜ ነው። ለአዲስ ሠራተኛ የምናስተምረው አንድ ነገር ነው፤ «ጨርቁን አትዪ፣ ሰውየዋን እዪ። ዐይኗን ካየሽ እጅሽ ራሱ ያገኛታል።»

እትዬ ስታጥፍ ታወራለች። ማውራት ብቻ ቢሆን ደግ። ጎረቤቷ ስለገዛው ፍሪጅ ጀምራ፣ የፍሪጁ በር በየት በኩል እንደሚከፈት ተናግራ፣ የሻጩን አክስት አንስታ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ፍሪጁ ገና አልተሰካም። ይህ ሳያንስ ካለፈው ዓመት ወዲህ ጥግ ባነሳች ቁጥር «አለሽ?» የምትል ልማድ አምጥታለች። «አለሁ» እላለሁ። ትራመዳለች። አራት መቶ ጊዜ «አለሽ?»፣ አራት መቶ ጊዜ «አለሁ»። እርጅና ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት «እትዬ፣ ስልሳ ቀን አላወራም፣ አትቀየሚኝ፣ የጸሎት ነገር ነው» አልኳት።

ሳቀች። «ከእኔም ጋር?»

«ከሁሉም ጋር።»

«ስናጥፍም?»

«ስናጥፍም። አንቺም ብትተዪልኝ ደስ ይለኛል።»

ሳቋ ቆመ። የያዘችውን ጥግ በአውራ ጣቷ ስታሽ ቆየችና «እሺ የኔ እህት። ለእኔም ጸልዪልኝ» አለች።

እንዲህ በቀላሉ ትለቀኛለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ረቡዕ፣ ቀን 3። በምሳ ሰዓት

ተሳካ። ፊቷን ካየሁ ወሬ ስለሚመጣብኝ ዐይኔን መሬት ላይ ተክዬ አጠፍኩ። በእያንዳንዱ አንሶላ አንድ ጸሎት። እትዬ ቃሏን ጠብቃለች። የማሽኑ ድምፅ ብቻ። ሰላም ነው። ደወል።

እሑድ፣ ቀን 7

አንድ ሳምንት ሞላ። ሠራተኞቹ «መነኩሲቷ» ማለት ጀምረዋል። መተኮሻው ላይ የሚሠራው ሰውዬ ባጠገቤ ሲያልፍ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ይነሳኛል፤ ሁሉም ይንከተከታል። ድሮ ብሆን አፉን የሚያስይዝ ነገር እለው ነበር። ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ ያውም ጥሩ ነበር። ዋጥኩት። እግዚአብሔር ይህን ይቁጠርልኝ።

ወንድሜ ራት ላይ ዶሮ ይዛ ስለተሳፈረች አንዲት ሴትዮ ሲያወራ ስልሳዎቹን ቀናት አስቤ ዐይኔን ሳህኔ ላይ አደረግኩ። መሃል ላይ አቆመው። ዶሮዋ ምን እንደሆነች አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ቀን 9

እትዬ ዛሬ ሦስት ጊዜ ጥግ ሳተች። እጇን ዘርግታ ባዶ አየር ያዘች። አንዴ አንሶላው ወለል ላይ ወደቀ፤ የወደቀ እንደገና ይታጠባል። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ምናልባት ተቀይማኛለች። ቅያሜዋን በአንሶላ ልትወጣብኝ ከሆነ ደግሞ አልፈርድባትም፣ ግን ልጅነት ነው።

ለእሷም ጸለይኩ።

ዓርብ፣ ቀን 12

ምንም የለም።

በአፌ ያለው ዝምታ ወደ ውስጥ አልገባም። ውስጤ ገበያ ነው፤ የፍሪጁ በር፣ የዶሮዋ መጨረሻ፣ ለመተኮሻው ሰውዬ ልመልስለት የነበረው ነገር፣ ሁሉም ባንዴ ይጮሃል። ዛሬ ጠዋት ከሥራ በፊት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ በግልጽ ነገርኩት። «ጌታዬ፣ ትልቅ ነገር አልጠየቅኩህም። ራእይ አላልኩም። ተጣራሁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ተጣራሁ። ሰው ሲጠራ እኮ ቢያንስ አለሁ ይባላል። አለሁ በለኝ፣ ሌላውን ተወው።» ከዚያ ሰዓቱ ደረሰና ሄድኩ።

ትዕቢት ይሆን? ሆድ ባሰኝ፣ እንጂ ትዕቢት አይደለም።

እሑድ፣ ቀን 14

ወንድሜ ራቱን ይዞ ክፍሉ መግባት ጀምሯል። «አልረብሽሽም ብዬ ነው» አለኝ። ጥሩ አሳቢ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሳልፍ በስልክ ለአንድ ሰው «እህቴማ ቤት ናት፤ ግን የለችም» ሲል ሰማሁት። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። እዚያው በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

ረቡዕ፣ ቀን 17

ዛሬ ተናደድኩ፣ ልናዘዘው።

የአንሶላዎቻችን ጠርዝ በክር ይለያል። ሰማያዊው የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው፣ ቢጫው የወላዶች። ክሩን ከመተኮሻው ሳይወጣ ከሩቅ ለይታ «ይሄ የአራስ ነው» ትለኝ የነበረችው እትዬ ናት። ዛሬ አንዱን አጥፈን ስንጨርስ እጇ ላይ አስቀርታ «ይሄ የማነው?» አለችኝ። በጣቴ ወደ ቢጫው ክምር አመለከትኩ። ዝም ብላ ቆመች። እንደገና አመለከትኩ። አሁንም ቆማ ትጠብቃለች፤ አንገቷን ወደ እኔ አዘንብላ፣ አንዲት ቃል ካላወጣሽ አልንቀሳቀስም የምትል ይመስላል። እልህ ያዘኝ። ከእጇ ነጥቄ ራሴ አስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም። ከሰዓት ከወላዶች ክፍል ሰው መጥቶ የተደባለቀ አንሶላ መለሰልን። አለቃችን ጆሮው ላይ የሰካውን እስክሪብቶ አውርዶ ሁለታችንንም በየተራ አየን። ምንም አላለም። እሱ ምንም ሳይል ሲቀር ነው የሚያስፈራው።

ከእጇ መንጠቄ ግን አስጠላኝ። እጇ በርዶ ነበር።

ዓርብ፣ ቀን 19። ቶሎ

እትዬ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆማ አገኘኋት። «መነጽሬን ቤት ረስቼ፣ ምን ይላል?» አለችኝ። የሥራ ተራ ለውጥ ነው፣ ረጅም ነው፣ ማንበብ ደግሞ መናገር ነው። ትከሻዬን ነቅንቄ አለፍኩ። ሌላ ሰው ያነብላታል።

መነጽር አድርጋ አይቻት አላውቅም እኮ።

እሑድ፣ ቀን 21

ሽማግሌው መምህራችን ከጸሎት በኋላ በረንዳው ላይ አበቦቻቸውን ውኃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። ለእሳቸው መናገር የግድ ነው ብዬ ፈቀድኩ። ስለ ስልሳው ቀን ነገርኳቸው፤ ሦስት ሳምንት እንዳለፈ፣ ምንም እንዳልመጣ።

ውኃ ማጠጫውን ይዘው አዳመጡኝ። ከዚያ የጠየቁኝ ሌላ ነገር ነው። «አብረውሽ የሚሠሩት ሰዎች እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው አባባ። አሁን አያስቸግሩኝም።»

«ወንድምሽስ?»

«እሱም አያስቸግረኝም።»

«አዬ፣ ያሳዝናል» አሉና ወደሚቀጥለው አበባ ሄዱ።

ቅር አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በርቺ ይለኝ ነበር። ከቤት እስክደርስ ድረስ መልስ ሳዘጋጅላቸው ነበር።

ረቡዕ፣ ቀን 24

አለቃችን ሁለታችንንም ቢሮው ጠራን። ቢሮ ስለው የሳሙና በርሜሎች የተደረደሩበት ጠባብ ክፍል ነው። በአንድ ሳምንት ሃያ ስድስት አንሶላ ተመልሷል፤ ጠማማ እጥፋት፣ የተደባለቀ ክር፣ የወደቀ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ስማችሁን አንስቼ አላውቅም። ምን መጣ? ከሁለታችሁ የማን ነው?» አለ።

እትዬ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ወደ እኔ፣ ግን ትንሽ አልፎኝ፣ ወደ ትከሻዬ በኩል። «የሁለታችንም ነው» ማለት ነበረብኝ። ዐይኔን መሬት ላይ ተክዬ ሳጥፍ የከረምኩት እኔ ነኝ፣ ግማሹ የእኔ ነው። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ታዲያ ይህ የሚያስፈልግ ቃል ነው ወይስ የማያስፈልግ እያልኩ ስመዝን፣ አለቃችን «እሺ፣ ገባኝ» ብሎ ወረቀቱ ላይ ጻፈ።

እትዬ ስትወጣ በሩን በእጇ ዳብሳ ነው የወጣችው።

ይህን የምጽፈው ከራት በፊት ነው። ራቱ ቀዘቀዘ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም። ደግሞ ማን ይመስክር ብሎኝ? እሱ ነው ገባኝ ያለው፣ እኔ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። ምንም አላልኩም።

ሐሙስ፣ ቀን 25

እትዬን ታች አወረዷት። ታች ማለት የቆሸሸው አንሶላ ከየክፍሉ የሚገባበት ነው። ሳይታጠብ በፊት ይለያል፣ ይራገፋል። ሽታው አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ የሚብሰው አንሶላ ውስጥ የሚረሳው ነው። መቀስ፣ ብልቃጥ፣ አንዳንዴ መርፌ። ለዚህ ነው እዚያ ወፍራም ጓንት የሚደረገው።

ዕቃዋን ስትሰበስብ ቁምሳጥኗ ውስጥ የነበረውን ትንሽ ሳሙና ሰጠችኝ። «ይሄ ሽታው ደስ ይልሻል» አለች። ደስ እንደሚለኝ ነግሬያት አላውቅም፤ ዐውቃው ነው።

ዓርብ፣ ቀን 26

አዲሷ ጓዴ ከምግብ ክፍሉ የመጣች ጎልማሳ ሴት ናት። አታወራም። አትስትም። ዛሬ አንድም አንሶላ አልወደቀም። ስልሳው ቀን ሲጀመር የተመኘሁት ይህን ነበር።

ማክሰኞ፣ ቀን 30

ግማሽ ላይ ደረስኩ። አንሶላ አልወደቀም። ጸሎትም አልተነሳም። ዛሬ አንሶላ ስናነሳ ጆሮዬ የሆነ ነገር ሲጠብቅ ያዝኩት።

ዓርብ፣ ቀን 33

የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

ወንድሜ ከሥራ እንደገባ ጫማውን ሳያወልቅ በሬን አንኳኳ። «መልስ አልጠይቅሽም፣ ስሚኝ ብቻ» አለ።

ሰማሁት።

«እትዬሽን ዛሬ አሳፈርኳት። ፌርማታው ላይ ብቻዋን ቆማለች። ቁጥሩ መስታወቴ ላይ እንደ ሕፃን ልጅ ቁመት ተጽፏል፣ አፍንጫዋ ሥር ነው ያቆምኩት። በሩን ስከፍት ‹ስንት ቁጥር ነው ልጄ?› አለችኝ። እኔን! በየበዓሉ ቤቷ የምበላ ሰውዬ! ‹እትዬ፣ እኔ ነኝ እኮ› ስላት ፊቷ በራ፣ በድምፄ ነው ያወቀችኝ። ከዚያ ደረጃውን በእግሯ ፈልጋ ወጣች። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር በይኝ፣ አውሪኝ ስላት፣ ምን አለች መሰለሽ? ‹ዛሬ አንተ አውራልኝ፣ ሰው ሲያወራ የት እንዳለሁ አውቃለሁ።›» አለና በሩን ተደገፈ። «ለመሆኑ ይቺ ሴትዮ ታያለች?»

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። እሱ በሩ ላይ ቆሟል። አየር የጨበጠው እጅ። ቢጫው ክምር፣ ሁለት ጊዜ ያመለከትኩበት ጣቴ፣ አንገቷን አዘንብላ የጠበቀችው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከየት መጣ ያልኩት «አለሽ?»። ወሬዋ ዐይኗ ነበር። እኔ ስመልስላት ድምፄ ከየት እንደመጣ እያወቀች እጇን ትልክ ነበር፣ ጥጉን ታገኝ ነበር። ይህን ነው ብትተዪልኝ ደስ ይለኛል ያልኳት። እሷም «እሺ የኔ እህት» አለች። ይኸው ነው ያለችኝ!

አሥራ ዘጠኝ ዓመት «ሰውየዋን እዪ» እያልኩ ለአዲስ ሰው ሳስተምር የኖርኩ እኔ ነኝ።

ወንድሜ «ውኃ ላምጣልሽ?» አለኝ። «አምጣልኝ» አልኩት። ሠላሳ ሦስተኛው ቀን ላይ ነው፤ ውኃ ነው የጠየቅኩት። ለውኃ ጥቅሻ በበቃ ነበር፣ ግን ድምፄን መስማት ፈለግኩ መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ቀን 34

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው። እንደጨረስኩ ታች ወረድኩ።

እትዬ ለብቻዋ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ትሠራለች። ጓንቷን አውልቃ ወገቧ ላይ ሰክታዋለች። በባዶ እጇ አንሶላውን ከጥግ እስከ ጥግ እየዳበሰች ነው። ሁለት ጣቶቿ በፕላስተር ተጠቅልለዋል።

«እትዬ!» አልኩ። ጮህኩ መሰለኝ።

እጇ ቆመ። «አንቺ ነሽ? ስልሳው ቀን አለቀ እንዴ? እኔ እኮ ቀን ስቆጥር ነበር፣ ገና ነው ያልኩት።»

«ጓንትሽን ለምን አወለቅሽው?»

«ጓንት ካደረግኩ በምን አየዋለሁ?» አለች፤ እንደ ተራ ነገር።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ፕላስተሩ ምንድን ነው ስላት «አንዱ የብልቃጥ ስብርባሪ ነው፣ ሌላው የነርሶች የደረት ባጅ ፒን ነው፣ መርፌ አይደለም፣ አትፍሪ» አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ካለፈው ዓመት በፊት ነው የጀመራት። ሐኪሙ ከዳር ዳር እየጠበበ ወደ መሃል ይመጣል ብሏታል። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ማቆየት ይቻላል። ጠብታውን ታደርጋለች። ጡረታዋ አምስት ወር ነው የቀረው። ካወቁ ነገ ቤትሽ ግቢ ይሏታል።

«ቤትሽ ብትገቢስ? ታርፊ አልነበር?» አልኳት፤ ሞኝ ጥያቄ።

«ቤቴ ማን አለ? ጠዋት ከዚህ በር ስገባ ነው ሰው የምሆነው። አንቺ አለሽ፣ ያ መተኮሻው ላይ ያለው ቀልደኛ አለ። አምስት ወር ልበለው ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም እትዬ? ዝም በይ ስልሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

አንሶላውን ወደ ጎን አደረገችው። «እግዚአብሔርን ፈልጌ ነው አልሽኝ። ይሄንን እንዴት ብዬ ልከልክልሽ? ቆይ እስቲ፣ ስልሳ ቀን ምን አላት፣ በእጄ እዳብሳለሁ አልኩ። አልሆነልኝም እንጂ።» ከዚያ ፊቷን ወደ ድምፄ አምጥታ፣ የእውነት ለማወቅ ፈልጋ፣ «አገኘሽው?» ብላ ጠየቀችኝ።

አለቀስኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ምን ያህል አስቀያሚ እንደነበር አልጽፍም። ፕላስተር ባለው እጇ ራሴን ፈልጋ አገኘችና ደባበሰችኝ።

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። «አሁንማ ዝም አትበዪ እንጂ የፈለግሽውን በዪ» አለች።

እሑድ

ቁጥሩን ተውኩት።

ሽማግሌው መምህር ጋ ሄድኩ። ያዘጋጀሁትን መልስ ሁሉ ረስቼዋለሁ። የሆነውን ነገርኳቸው። ስወቀስ ጠብቄ ነበር፣ ይልቅ እሳቸው ራሳቸው ጭንቅላታቸውን ያዙ። «እኔ ዝም በሉ ያልኩት የሚጣራ ካለ እንድትሰሙ ነበር እኮ ልጄ። አጉል አስተማርኩሽ» አሉኝ። አጉል አልተማርኩም፣ አጉል ነው የሰማሁት። ይህንንም ነገርኳቸው፤ አሁን ምላሴ ተፈትቷል።

ከሰዓት ወንድሜን ዶሮዋ ምን ሆነች ብዬ ጠየቅኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወንበሩን ስቦ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራልኝ። ዶሮዋ አምልጣ የእሱ መሪ ላይ ነው የወጣችው። ይህንን ነው አራት ሳምንት ሙሉ ያጣሁት!

ሰኞ

አለቃችን ጋ ገባሁ። «የተመለሰው አንሶላ ግማሹ የእኔ ነው፤ ከግማሽም ይበልጣል» አልኩት።

እስክሪብቶውን ከጆሮው አወረደ። «ስጠይቅሽ ዲዳ ሆነሽ የለ?»

«ሆኜ ነበር። አሁን ልመልስልህ ነው የመጣሁት። እትዬን መልሳት። ከእኔ ጋር ብቻ ነው የምታጥፈው፣ እኔም ከእሷ ጋር ብቻ። አንድ አንሶላ ቢወድቅ ሁለታችንንም ታች አውርደን።»

«ምክንያቱን ንገሪኝ።»

«ምክንያቱ የእሷ ነው። ራሷ ከፈለገች ትንገርህ።»

«ነገ ጠዋት ቆሜ አያለሁ» አለ። «አንድ ጠዋት ነው የምሰጣችሁ።»

ለእትዬ ነገርኳት። ደስ ይላታል ስል ፈራች። «ባልችልስ? በሰው ፊት?» አለች። እኔም ፈርቻለሁ፤ ሁለታችንን ታች አውርደን ያለው አፌ ነው፣ ለእሷ ግን ታች ማለት ጣቶቿ ናቸው። ይህን አሁን ነው ያሰብኩት። ጠዋት ላይ ይለይለታል።

ማክሰኞ

ቁጭ ብዬ በእርጋታ ልጻፈው፣ አንድም ነገር እንዳይቀርብኝ።

አለቃችን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። መተኮሻው ላይ ያለው ሰውዬም ቀልዱን ትቶ ያየናል። የመጀመሪያው አንሶላ ወጣ። እትዬ ጫፏን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች፤ ጨርቁ በእኔ በኩል ድረስ ይርገበገባል። ፊቷን አየሁት። ስናጥፍ ከአንድ ወር በላይ ቀና ብዬ ያላየሁት ፊት ነው፤ ከስቷል። ዐይኖቿ እኔን ይፈልጋሉ፣ አልፈውኝ ትከሻዬ ጋ ይቆማሉ።

ማውራት ጀመርኩ። ምን እንደማወራ አላውቅም ነበር፤ ዶሮዋን ጀመርኩላት። አንሶላ አራገፍን። ዶሮዋ ከቅርጫት ወጣች። ጥግ ከጥግ ገጠምን። ዶሮዋ መሪው ላይ ወጣች። «ሰማያዊ ነው፣ በግራሽ» እላለሁ በመሃል፣ «ቢጫ ነው፣ በቀኝሽ»። ተራመድን። እጇ መጣ፣ ትንሽ ወደ ጎን ነበር፣ በድምፄ ተስተካከለና ጥጉ ላይ አረፈ። አንድ። አምስት። ሃያ። እትዬ መሳቅ ጀመረች። የዶሮዋ ወሬ ሲያልቅብኝ የወንድሜን ካልሲ ወሬ አመጣሁ፣ እሱም ሲያልቅ ለመተኮሻው ሰውዬ ያን ቀን ልመልስለት የነበረውን ነገር አሁን መለስኩለት፤ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እሱም ጭምር። ስልሳ ያህል አጥፈን አንድም አልወደቀም።

ያን ጊዜ እትዬ ራሷ ወደ አለቃችን ዞራ «ዐይኔ ነው» አለችው። «ዳር ዳሩ ሄዷል። መሃሉም ደብዝዟል። አምስት ወር ነው የቀረኝ።»

አለቃችን እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ መልሶ ሰካ። «ታች በባዶ እጅሽ ከምትዳብሺ እዚህ ብታወሩ ይሻላል» አለ። ሊወጣ ሲል ደግሞ ወደ እኔ፣ «አንቺ ግን ስለ ካልሲው ይብቃሽ» አለኝ።

ተመልሰን ያዝን። ጉሮሮዬ ደርቆ ወሬዬ አልቆ ነበር፤ ዝም አልኩ፣ አላስተዋልኩትም። እትዬ ሁለቱን ጥግ ከፍ አደረገች። አንሶላው ትኩስ ነበር፣ በመካከላችን ተነፋ፣ ፊቷን ሸፈነብኝ፤ ነጭ ብቻ ሆነ። ከወዲያ በኩል፣

«አለሽ?» አለች።

«አለሁ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ አወቅኩት። ለስንት ዘመን ስለምነው የኖርኩት ቃል ነው። እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ እንደዚያን ጊዜው ጓሮ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ፣ ያኔ ብቻዬን ነበርኩ፣ አሁን ግን የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ ተይዟል። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም።

«ምነው ቆምሽ?» አለች እትዬ። «ጥጉን ስጪኝ እንጂ።»

ሰጠኋት።